የአንድም ቀለም

ራሳቸውን ማሞገስ የማይወዱ ሰዎች አሉ። እኔ እወዳለሁ። የሚያሞግሰኝ ሌላ ሰው ስለጠፋ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። እዚህ አሜሪካ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በእኛ ፊደል ታትሞ ያያችሁት የሠርግ ካርድ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የምግብ ቤት ሜኑና የዕድር ደንብ አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ጣቶቼ ያለፈ ነው። ሁለት ያልኩት ለወግ አይደለም። በአሥር ጣት መጻፍ ማንም አላስተማረኝም፤ በሁለቱ ግን በአሥር የሚጽፉትን እቀድማለሁ።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሆኖም ባለ ዶክተር ማዕረግ ሰዎችን ከማተሚያ ቤቱ በር መልሻለሁ። «ሠርግ» በእሳቱ ሰ አይጻፍም፤ በንጉሡ ሠ ነው። «ዓለም» በዐይኑ ነው፤ «አባት» በአልፋው። «ጋሼ፣ ማን ያየዋል?» ይሉኛል። «እኔ አየሁት» እላቸዋለሁ። አንድ ሙሽራ በዚህ ተናድዶ ካርዱን ሌላ ቦታ አሳተመ። ሠርጉ ላይ የታደለውን ሳየው የገዛ ስሙ ተሳስቷል። እግዜር ይየው አልኩና ጥብሴን በላሁ።

ባለፈው ክረምት ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ሠርግ የሚጠራው በስልክ ነው፤ ሥዕል ይላክልሃል፣ ልብ ትጫንበታለህ፣ አለቀ። አለቃዬ አቶ ስዩም ትልቁን ማሽን ሸጠና «ጋሽ በላቸው፣ እንግዲህ አንተም እረፍ» አለኝ። ካረፍኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፍ እያለ ይወተውተኛል፤ ሰው ሁሉ ያልኩት ናቲንና ሜላትን ነው። ስለ እነሱ ደግሞ ሳልጽፍ ስለ ሥራዬ መጻፍ አልችልም።

አሜሪካ ስገባ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ነበር። በመስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ሥራው ቀላል፣ ደመወዙም እንደ ሥራው ነው። ከዚያ አንድ ደንበኛ ሊጥለው የነበረ ኮምፒውተር ሰጠኝ። የፊደሉን ቁልፎች በካርቶን ላይ ሥዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና መኪና እስኪመጣ ድረስ እለማመድ ጀመር። ሳላይ የማላገኘው ፊደል እስኪጠፋ ድረስ አጠናሁት። ሁለት ሺህዎቹ ሲገቡ አሌክሳንድሪያ ወደሚገኘው የአቶ ስዩም ማተሚያ ቤት ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ።

«ምን ትችላለህ?» አለኝ።

«ምን የማልችለው አለ?»

ሳቀና የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ሰጠኝ፤ «ይህን ጽፈህ አምጣ» ብሎ። በማግስቱ ጽፌ አመጣሁ፤ ስህተቱንም ሁሉ አርሜ። አንቀጽ ሰባትን እንዳለ ገልብጬ አቃንቼዋለሁ።

«አርም ብዬሃለሁ?»

«አላልክም። ግን ተሳስቷል።»

የዕድሩ ሊቀ መንበር አነበበና «እንዲህ ለማለት ነበር የፈለግነው» አለ። በዚያው ተቀጠርኩ። ያቺ ቀን ለእኔ የሹመት ቀን ናት። መጥፎ ነገርም ያስተማረችኝ እሷው ናት፤ የሰው ጽሑፍ በእጄ ሲገባ ሰውየው ሊል የፈለገውን ከእሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ ብዬ እንዳምን አደረገችኝ።

የኔታ ወልደ ሩፋኤል የመጡት ከዚያ በኋላ በአሥር ዓመት ግድም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአረጋውያን አፓርትመንት ብቻቸውን የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሕግ መምህር ናቸው። በሁለት የግሮሰሪ ከረጢት ሙሉ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዘው በሁለት አውቶቡስና በባቡር አሌክሳንድሪያ ድረስ መጡ።

«አባቴ፣ ይህ ስንት ገጽ ነው?» አላቸው አቶ ስዩም።

«እስኪያልቅ ድረስ ነው።»

«ማን ይገዛዋል?»

«ሰው ሲጣላ ይገዛዋል» አሉ። አቶ ስዩም ወደ እኔ ዞሮ ዐይኑን ጠቀሰኝ፤ እንደ ምንም ሸኝልኝ ማለቱ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ነበር። «የኔታ፣ እኔ በትርፍ ሰዓቴ እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው።

ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በመካከለኛው ዘመን፣ በአንድ ገዳም ውስጥ የቤተ ክርስቲያንን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ መነኩሴ ነበር። የራሱን መጽሐፍ አልጻፈም፤ ብራና ከየት ያመጣል? በሕጉ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ፣ በጽሑፉና በብራናው ጠርዝ መካከል ባለችው ባዶ ቦታ፣ እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል የእያንዳንዱን ሕግ ትርጓሜ ጻፈ። በኋላ የመጡ ገልባጮች ኅዳጉን ከሕጉ ጋር አብረው ገለበጡት። ተማሪ ከመምህር በቃል ተቀበለው፤ ዳኛም ሲፈርድ እሱን ጠቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሕጉን ያለ እሱ ትርጓሜ የሚያነብ ሰው አልነበረም ይሉ ነበር የኔታ። ስሙን ግን ማንም አያውቀውም። ተማሪዎች «ባለ ኅዳጉ» ይሉታል።

«ስሙን ለምን አልጻፈም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ ብሆን በሽፋኑ ላይ እጽፈው ነበር።

«ቦታ አልነበረውማ» አሉ።

ቦታ ስላልነበረው ያደርግ የነበረውን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ ስለ ሟች አባታቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። ኅዳጉ ሲጠበው ባለ ኅዳጉ የራሱን ሐሳብ ያሳጥራል እንጂ የማይስማማበትን ሰው ሐሳብ አይቆርጥም። እሱ «አይሆንም» ብሎ የሚያምነውን ነገር «ይሆናል» ያለ አንድ ሊቅ ካለ፣ ያንን ሊቅ ሙሉ ቦታ ሰጥቶ ይጽፈዋል። በሁለቱ ሐሳቦች መካከል «አንድም» የሚል ቃል ያስገባል። ይህ ከቆሎ ተማሪ ጀምሮ የሚታወቅ የትርጓሜ ቃል ነው፤ «ወይም እንዲህ ይባላል» ማለት ነው።

የኔታም እንደ እሱ ነበሩ። ሰው አንድ ነገር ሲናገር «ተሳስተሃል» አይሉም፤ «ይህን ደግሞ ማን አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለአውቶቡስ ሾፌሩም ለሐኪሙም እንዲሁ ነው። ማንም ካላለው፣ ሰውየው ራሱ ተሳስቼ ይሆናል ይላል። ከማንበባቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። የቆሙበትን ገጽ በግሮሰሪ ደረሰኝ ምልክት ያደርጋሉ። «አንድም» የሚለውን ቃል ደግሞ ሁልጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋሉ። በጥንቱ ብራናም ቀይ ነበር።

አጻጻፉን እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር ከእኔ ሌላ የለም። ሁለት ቀለም ማተም ስላልተቻለን ቀዩን «አንድም» ሁሉ በደማቅ ፊደል አወጣሁት። የሕጉን ቃል በትልቅ፣ ትርጓሜውን በትንሽ ፊደል ለየሁ። የመስመሩ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ብቻውን ወደ ታች እንዳይወርድ የቃላቱን ክፍተት በዐይኔ ለካሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ እሄድና የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ስሳሳት ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ። በቀን አንድ ጊዜ ቢያነሡ ነው። ጎበዝ ነበርኩ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል የኔታ ኩላሊታቸውን ታመሙ። በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ ይሄዳሉ፤ የቀሩትን ጥቂት ገጾች እዚያው ተኝተው በአንድ እጃቸው ነበር የጻፏቸው። ከእነዚያ ገጾች አንዱ ስለ ክርስትና ልጅ ጋብቻ ነበር። ባል ክርስትና ያነሣው ወንድ ልጅና ሚስት ክርስትና ያነሣቻት ሴት ልጅ ይጋባሉ ወይ? ባለ ኅዳጉ «አይጋቡም» ይልና ይቀጥላል። የየኔታ ጽሑፍ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ «አንድም ይጋባሉ ያለ አለ።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። «አንድም» በጥቁር ቀለም ነው የተጻፈው። ቀይ ቢሆን ኖሮ የትርጓሜው «አንድም» መሆኑን አውቅ ነበር። ጥቁር ሲሆን ግን የእኔና የእናንተ «አንድም» ሆነብኝ፤ «አንድም ሰው አልመጣም» እንደምንለው። በእኛ አማርኛ ደግሞ «አንድም» ካልን «የለም» ማለት አለብን፤ «አንድም አለ» አይባልም። የታመሙ ሰው ናቸው፣ ተሳስተው ነው ብዬ አረምኩላቸው። «አንድም ይጋባሉ ያለ የለም።»

ሰዋስዉ አማረልኝ። ያን ቅዳሜ የኔታ ደክሟቸው ነበርና ገጹን ሳላነብላቸው «ይህ ንጹሕ ነው» ብዬ አለፍኩት።

መጽሐፉ ታተመ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ስሜ በትንሽ ፊደል አለ፤ እኔው ነኝ የጨመርኩት። የቤተ ክርስቲያናችን አባወራ ሁሉ አንድ አንድ ወሰደ።

እኔና ባለቤቴ ወይንሸት ልጅ አልወለድንም። ግን አሌክሳንድሪያ ስንኖር አገር ቤት ዘመድ የቀረበት ወላጅ ሁሉ ክርስትና የሚያነሣለት ሲያጣ ወደ እኛ ነበር የሚመጣው። ወንዱን እኔ፣ ሴቷን እሷ እናነሣ ነበር። ናትናኤል የእኔ ነው። ሜላት የወይንሸት ናት። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው ያደጉት። ሁለቱም እኔን አባባ፣ እሷን እማማ ይላሉ። ወይንሸት ቅዳሜ ለሁለቱ ጸጉር ስትሠራ፣ እኔ ፊደል ላስተምራቸው ስሞክር ያመልጡኝ ነበር። ወይንሸት ካረፈች በኋላ ዓርብ ዓርብ የሚደውሉልኝ እነሱ ናቸው።

መጽሐፉ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ግድም ናቲ ሜላትን ላግባሽ ብሎ ፕሮፖዝ አደረገ። ደስ አለኝ፤ ድሮም አስቤው ሳለ እንዳላሰበ ሰው ሆንኩ። የሜላት አባት ታደለ ግን የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ሕግ የሚወድ ሰው ነው። ያቺን መጽሐፍ በላስቲክ ሸፍኖ አስቀምጧታል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ጠራኝ። ልጆቹም ነበሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያተሙት መጽሐፍ ነው» አለና ገጹን ገለጠው። «ይኼን ያንብቡልኝ።»

ዐይኔ እየበራ አነበብኩለት። መጽሐፌን ሰው አንብቦታል! «አንድም ይጋባሉ ያለ የለም» የሚለው ከአፌ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት።

«የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ፣ የኔታ ይጠየቁ ብለው ነበር» አለ ታደለ። «ሆስፒታል ገብተዋል ይባላል። እስኪሻላቸው እንጠብቅ ወይ?»

እዚህ ላይ «እንጠብቅ» ብል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን አንድ ሰው እኔ በተቀመጥኩበት ሌላ ሰው ይጠየቅ ሲል ሰማሁ።

«ለዚህ የታመመ ሰው አይቸገርም» አልኩ። «መጽሐፉን አውቀዋለሁ።»

ናቲ በቀጥታ አየኝ። «አባባ፣ አር ዩ ሹር?»

«ሹር ነኝ። እያንዳንዷን ቃል የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

 ሜላት ተነሥታ የአባቷን የሻይ ብርጭቆ ወደ ማጠቢያው ወሰደች፤ ውኃው ብዙ ጊዜ ሲፈስ ሰማን። እኔን ነው ያመኑት። ቄሱ ቢፈቅዱላቸው እንኳ አባቷ መጽሐፉን ይዞ እንደማይባርካት ታውቃለች። ከሁለት ወር በኋላ ሲያትል ሥራ አገኘችና ሄደች። ናቲ ዓርብ ዓርብ መደወሉን አላቋረጠም፤ ግን ስለ አየሩና ስለ መኪናው ብቻ ነው የምናወራው። የሜላት ስልክ ቀረ።

የኔታ ከሆስፒታል ወጡ፤ ዐይናቸው ግን ከዳቸው። በሚቀጥለው ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ ዳያሊሲሱ ድረስ እየሄድኩ መጽሐፋቸውን ከመጀመሪያው አነብላቸው ጀመር። ማሽኑ እያጉረመረመ፣ ደማቸው በቱቦ እየዞረ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በስምንተኛው ማክሰኞ እዚያ ገጽ ደረስን።

«አንድም ይጋባሉ ያለ የለም» ብዬ አነበብኩ።

ጣታቸው ብድግ አለ። «ይህን ደግሞ ማን አለው?»

«ባለ ኅዳጉ ነዋ፣ የኔታ።»

«አላለም።»

«እዚሁ ተጽፏል።»

«መጻፉንማ ሰማሁ። ማን አለው ነው የምልህ።»

ቤቴ ገብቼ ከረጢቱን አወጣሁ። በደረሰኝ ምልክት ያደረጉበትን ያንን ገጽ ገለጥኩ። «አለ» ይላል፤ አልደበዘዘም፣ አልተሰረዘም። የመድኃኒት ስም የታተመበት ጥቁር እስክሪብቶ ከገጾቹ መካከል ወደቀ፤ የነርሷ ነው። በኋላ እንደነገሩኝ ቀዩ ከአልጋው በታች ወድቆባቸው ነርሷ የራሷን ሰጥታቸው ነበር። ገጹ ሙሉ ጥቁር ነው። «አንድም» ቀይ ያልሆነው ቀይ ስላልነበራቸው ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ተመልሼ ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ መንገድ የረዘመብኝ ቀን የለም።

«የኔታ፣ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ዐውቄአለሁ።»

«እንዴት ዐወቁ?»

«ባለ ኅዳጉ እንዲህ አይቸኩልም» አሉ። «ሰው ተጎዳ?» ብለውም ጠየቁኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ነርሷ መጥታ ማሽኑን አይታ ሄደች።

«በላቸው፣ እሱ ቦታ ጠብቦት ሳለ ጻፈው» አሉኝ። «አንተ ወረቀት ሞልቶህ ነበር።»

ይህ ብቻ ነው ቁጣቸው። ከዚያ እንደ ተማሪ አስተማሩኝ። የከለከለው ሊቅ ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው ብሎ ነው። የፈቀደው ደግሞ የመንፈስ ልደት ለየራስ ነው ብሎ ነው። ባለ ኅዳጉ ራሱ ከከለከለው ጋር ነው።

«ታዲያ የፈቀደውን ለምን የጻፈው ይመስልሃል?»

«አላውቅም» አልኩ። እኔ በላቸው ይህን ቃል ስናገር የሰማ ሰው ካለ የኔታና ያ ማሽን ብቻ ናቸው።

«አንድ ቀን የሚፈልገው የተቸገረ ሰው ይመጣል ብሎ» አሉ። ወዲያው ስልክ አስደውለው ለቄሱ የሁለቱንም ቃል በአፋቸው ነገሯቸው። ቄሱም «ያለ ካለማ እኔ አጋባለሁ» አሉ።

ለሜላት ደወልኩ። ካነሣች በኋላ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ።

«ሜሉዬ፣ መጽሐፉ አልከለከላችሁም። የከለከልኳችሁ እኔ ነኝ። አንድ ቃል ለወጥኩ።»

«ዋት ዱ ዩ ሚን፣ አንድ ቃል?»

ነገርኳት።  «አባባ፣ አይ ካንት ቶክ ራይት ናው» አለችና ዘጋች። ደግ ነበረች፤ እኔ ብሆን እሰድብ ነበር።

ታደለ ዘንድ በእግሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት። ይግቡም አላለኝ። «ልጄን ሲያትል የሰደዳት አለና የለም ነው?» አለ። «አዎ» አልኩት። ፊቱን አዞረ። ከዚያ መጽሐፉን አመጣና ዘረጋልኝ። «እንግዲያው እዚሁ ያርሙት» አለ። በቀይ እስክሪብቶ «የለም» የሚለውን ሰርዤ «አለ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ እስክሪብቶ ኪሴ ይዤ ስፕሪንግፊልድም ፎልስ ቸርችም መጽሐፉ ያለበትን ቤት ሁሉ ዞርኩ። በየቤቱ ያረመው ማን እንደሆነና ለምን እንደተሳሳተ እናገራለሁ። ምሳ ያበሉኛል፤ እየሳቁብኝም ጭምር።

የኔታ በዚያው ክረምት ዐረፉ። ቀዩን እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ሜላት ለመመለስ ሁለት ዓመት ወሰደባት። ከናቲ ጋር እንደገና ለመነጋገርም የራሳቸውን ጊዜ ወሰዱ፤ ያንን ጊዜ የሚመልስ እርማት የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሁለቱ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጡ። ትልቁ ማሽን የሚሸጥበት ሳምንት ነበር።

«አባባ፣ ካርድ እንፈልጋለን» አለ ናቲ። «በወረቀት።»

የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው። ደማቅ ፊደል አላበዛሁበትም። ሠርጉን በንጉሡ ሠ ጻፍኩት።

ሲወጡ ሜላት ከቦርሳዋ መጽሐፉን አወጣች፤ ሲያትል ድረስ ይዛው ሄዳ ነበር። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ።

«አያስፈልግም፣ እኔ ፊክስ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። «የደወሉልኝ ቀን።»

ገጹን ገለጥኩ። «የለም» የሚለው ተሰርዞ ከላዩ ኅዳጉ ላይ፣ አማርኛ መጻፍ በቅጡ ባልተማረች እጅ፣ በትልልቅና በተጣመመ ፊደል ተጽፏል። «ዓለ» ይላል። በዐይኑ ዓ።

ናቲ ፊቴን አይቶ ሳቁን አፈነ። ሜላት አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። «ምን ሆነ? ስህተት ነው?»

መጽሐፉን ዘግቼ በሁለት እጄ መለስኩላት።

«ልክ ነው፣ ልጄ» አልኳት። እስክሪብቶውን ከድኜ ኪሴ ከተትኩት።